ጂኦግራፊ ደረሰኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት ስንመደብ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ደረሰኝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ አልነበረም። ጓደኞቼ ተራራና ወንዝ ልትሸመድጂ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ላፕቶፕም የለኝም። በእውነት ምንድነው የምንማረው? ሥራስ አለው? ወይስ ዲፓርትመንት ለመቀየር ልሯሯጥ?»

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ይህንኑ ትምህርት የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ባዳላ አይግረምሽ።

ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በፍሬሽማን ሁሉም ተማሪ የሚወስደውን «ጂኦግራፊ ኦፍ ኢትዮጵያ ኤንድ ዘ ሆርን» ታስታውሺዋለሽ። ሞጁሉ ወፍራም፣ ጊዜው አጭር፣ ፈተናው ምርጫ። ስለዚህ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሽ። ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ብለሽ ሸመደድሽ። ፈተናው ሲያልፍ እሱም አብሮ አለፈ። ደግሞ ቁጥሩ ራሱ አይጸናም እኮ። ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ነው እየተባልን ነው ያደግነው፤ በኋላ የመጡት መለኪያዎች ወደ 4,550 አውርደውታል፣ ከዚያም ዝቅ የሚያደርጉት አሉ። ተራራው አላጠረም፣ መለኪያው ነው የተሻለው።

ከዚህ በኋላ የምትጠየቂው ሌላ ነገር ነው። «የት ነው?» የሚለው በር መክፈቻ ብቻ ነው። ቀጥሎ «ለምን እዚያ ሆነ? ለምን በዚያ ጊዜ? ማን ምን ስላደረገ ነው?» ይመጣል። ይህን ያለ ምሳሌ ብነግርሽ ባዶ ወሬ ስለሚሆን ሁለት ሐይቆችን ላሳይሽ።

አንደኛው ሐሮማያ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ። ሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ውሃዋን የምታገኘው ከእሱ ነበር። ዓሣም ይጠመድበት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ጭልጥ ብሎ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ወርዳ ድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች በቧንቧ ለማምጣት ተገደደች፤ ያውም ሽቅብ እየተገፋ።

ጥፋተኛው ማነው? ፈተና ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብለሽ ብትጽፊ ግማሽ ነጥብ እሰጥሽ ይሆናል። ሙቀት ሲጨምር ትነት መጨመሩ አይካድም። የውሃውን ገቢና ወጪ ያሰሉ ተመራማሪዎች ግን በዋናነት ጣታቸውን የቀሰሩት ከሐይቁና ከከርሰ ምድሩ ያለ ልክ በሚሳበው ውሃ ላይ ነው። ዙሪያውን የሞተር ፓምፕ ተደርድሮ ጫትና አትክልት ይጠጣል። እንግዲህ ቀጥዪና «ገበሬው ለምን ጫት ተከለ?» ብለሽ ጠይቂ። መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ ጠበበ። በዚያች ጥማድ ላይ ማሽላ ቢዘራ ቤተሰቡን አይመግብም፤ ጫት ግን አወዳይ ገበያ ላይ ገንዘብ ነው፣ ከዚያም ጅቡቲና ሐርጌሳ ይደርሳል። ስለዚህ የሐሮማያ ውሃ ቅጠል ሆኖ ድንበር ተሻግሯል ማለት ይቻላል። ዳገቱ ሲታረስ አፈሩ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ተኛ፤ የሐይቁ ሆድ ሞላና ያለው ውሃም ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ለፀሐይ ተሰጣ። ከተማው አደገ፣ ተማሪው በዛ፣ ቧንቧው በዛ። አየሽ፣ አንድ ሐይቅ ለማስረዳት ርስት ክፍፍልን፣ የጎረቤት አገር ገበያን፣ የአፈር መሸርሸርንና የከተማ ዕድገትን በአንድ ጊዜ መያዝ አለብሽ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። አሁን «ለምን ተመለሰ?» የሚለውም ጥያቄ ሆነ፤ ዝናቡ ነው? ፓምፑ ስለቀነሰ ነው? ተፋሰሱ ላይ የተሠራው ሥራ ነው? መልሱን ብዙ ሰው በእርግጠኝነት ይነግርሻል፣ አንቺ ግን ለእያንዳንዱ መልስ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አስቢ።

ሁለተኛው በሰቃ ነው፣ መተሐራ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ በመኪና ሄደሽ ከሆነ አይተሽዋል፤ ጥቁር ድንጋይ መሀል የተኛው ውሃ። ከ60 ዓመታት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ገፍቷል፣ የግጦሽ መሬት ውጧል። ውሃው ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ለሰውም ለሸንኮራ አገዳውም ጠላት ነው፤ ሞልቶ ወደ አዋሽ እንዳይገባ የሚያሰጋውም ለዚህ ነው። ምክንያቱ? በአካባቢው ካሉ የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውሃ አለ። ከከርሰ ምድር የሚወጣ ፍል ውሃ አለ። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ምድሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ አጠገቡ ያለው ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው። ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል ድርሻ አለው በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ልብ በይ። አንድ አገር፣ ተቀራራቢ ዘመን፣ ሁለቱም ጋ መስኖ አለ። አንዱ ደረቀ፣ አንዱ አበጠ። «ሰው አካባቢን ያበላሻል» የሚል የስብሰባ ንግግር ይህን ልዩነት አያስረዳም። ጂኦግራፊ ሥራው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ለእኔም ትምህርቱ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስልሽ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሰብአዊ መብትና በፖለቲካ ነው፤ ሙያቸው ግን ጂኦግራፊ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትውልድ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በገጠር የደረሱትን ረሃቦች ሲያጠኑ ዝናብ መጥፋቱ ብቻውን ረሃብ እንደማይሆን አሳዩ። ድርቅ የሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን ገበሬው ጥሪት እንዳይኖረው ያደረገው ሥርዓት ውጤት ነው አሉ። ይህ ሐሳብ በደንብ ከገባሽ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችሽ ግማሹ ገብቶሻል።

አሁን ኮርሶቹን ልንገርሽ፣ ግን በዝርዝር አላሰለችሽም፤ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲም መጠነኛ ልዩነት አለ። የምድር ገጽ አቀማመጥ፣ አየር ንብረት፣ አፈር፣ ዕፅዋትና እንስሳት የሚጠናበት የተፈጥሮ ወገን አለ። ሕዝብ፣ ከተማ፣ ገጠር፣ ኢኮኖሚ የሚባለው የሰው ወገን አለ። ካርታ ንባብ፣ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ማደራጀትና መተንተን)፣ ሪሞት ሴንሲንግ (ምድርን ከሳተላይትና ከአውሮፕላን ምስል ማጥናት) እና ስታቲስቲክስ የመሣሪያው ወገን ነው። ከዚያ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የአደጋ ስጋት የሚባሉት ሁሉንም የሚያገናኙ ናቸው። ችግሩ ኮርሶቹ በተለያየ ሴሚስተር በተለያየ መምህር ስለሚሰጡ ተማሪው እንደማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ማየቱ ነው። የአየር ንብረቱን ፈተና ጨርሶ ሀንድአውቱን ይጥለዋል፣ ከዓመት በኋላ የአደጋ ስጋት ኮርስ ላይ ያው ነገር ሲያስፈልግ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለ አየር ንብረት ካነሳሁ አይቀር። አብዛኛው ተማሪ «ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም» ብሎ አገሩን በሙሉ ይጠቀልላል። ቦረና ግን በዚያ ወቅት ደረቅ ነው። የእነሱ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ደጋው ላይ ክረምቱ ይዘንብ ነበር፤ አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ሰው «ድርቅ የት አለ?» ቢል አይፈረድበትም። ቦረና ላይ ሌላም ነገር አለ። አርብቶ አደሩ ድሮ ሣሩን በየጊዜው ያቃጥል ነበር፣ ቁጥቋጦውን ለመግታትና አዲስ ሣር ለማብቀል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት እሳት ከለከለ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብሎ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦው ተስፋፋ፣ ሣሩ አነሰ፣ ከብቱ ተቸገረ። እሳት መከልከሉ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፣ ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። «አካባቢን ማጥናት» ማለት ዛፍ ባየሽበት ሁሉ ማጨብጨብ አለመሆኑን ከዚህ ያዢ።

ይህ ወደ አንድ የምወደው ርዕስ ይወስደኛል፤ ስለ ቁጥር ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ አሁን 3 በመቶ አይሞላም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰምተሻል፤ በፖስተር፣ በንግግር፣ በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ። እኔ የማርመው ወረቀት ውስጥም አይጠፋም። እስኪ ጠይቂ፦ በ1890ዎቹ ማን ለካው? ሳተላይት አልነበረም። የአየር ፎቶ አልነበረም። ታሪክ ተመራማሪዎችና ጂኦግራፈሮች ይህን ቁጥር ወደ ኋላ ተከትለው ሲሄዱ ጠንካራ መለኪያ አላገኙም፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የመጣ ግምት ነው።

በሌላ በኩል የቴዎድሮስን መቅደላ ሊወጋ በ1860 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። በመንገዳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች ተመራማሪዎች 140 ዓመት ገደማ ቆይተው እዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሷቸው። ብዙ ቦታ ላይ የታየው ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር፤ ትግራይ ውስጥ ዛሬ ያለው ዛፍ ያኔ ከነበረው በልጦ ተገኘ። ባሕር ዛፍ አለበት (እሱ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው)፣ የእርከንና የክለላ ሥራም አለበት። ይህ ማለት ደን አልተጨፈጨፈም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራቡ የተጨፈጨፈው እውነት ነው፣ በዓይናችን ፊት ነው የሆነው። ግን የሰሜኑ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስ የኖረ አገር ስለሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ለአንዱ አገር ሁለት ታሪክ ያስፈልገዋል። 40 በመቶ የምትለዋ ቁጥር ሁለቱንም አንድ ላይ ትደፈጥጣቸዋለች፣ መፍትሔውንም «ችግኝ ትከሉ» ወደሚል አንድ መልስ ትነዳዋለች።

እና ሒሳብሽ። ስትፈሪው የነበረው ካልኩለስ እዚህ አያገኝሽም። የሚያስፈልግሽ አማካይ፣ ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ሁለት ነገሮች አብረው መጨመራቸው አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት እንዳልሆነ መረዳት ነው። ቀመሩን ኮምፒውተር ያሰላልሻል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅልሽም። መለኪያን በመጠርጠር የተሻለው ተማሪ ሒሳብ ላይ ፈጣኑ ላይሆን ይችላል፣ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብቻ ስታቲስቲክስ ኮርሱን «እንዳይቀር» ብለሽ በሲ አትለፊው። በኋላ ሪሰርች ስትሠሪ ዕዳሽን ከነወለዱ ትከፍያለሽ።

ላፕቶፕ የለኝም ላልሽው፦ ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ እስኪመጡ ጊዜ አለሽ። ሲመጡ ግን ያስፈልግሻል፤ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ አንድ አሮጌም ቢሆን ብትገዙ ወይም የዲፓርትመንቱ ላብ የሚከፈትበትን ሰዓት ብትይዙ ይሻላል። ሶፍትዌር ለመግዛት አታስቢ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የጂአይኤስ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም እየተንተፋተፈ ይሠራል። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ከ2008 ወዲህ ምስሉ በነፃ ይወርዳል። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል ሁለት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በ10 ሜትር ጥራት ይሰጡሻል። ሐሮማያ ሲደርቅ፣ በሰቃ ሲያብጥ፣ ጣና ላይ እምቦጭ ሲሰፋ፣ አቢጃታ ሲሸሽ ዶርምሽ ቁጭ ብለሽ ዓመት በዓመት ታያለሽ። በእኛ ጊዜ ይህ አልነበረም፣ እቀናባችኋለሁ።

አንድ የሙያ ምስጢር ልጨምርልሽ፣ ብዙ ምሩቅ ሥራ ላይ ገብቶ የሚሰናከልበት ስለሆነ። የድሮዎቹ የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ላይ ነው። ስልክሽ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 ይጠቀማል። ሁለቱን ሳታስታርቂ ብትደራርቢያቸው ሁሉም ነገር 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል፤ ወንዙ ዳገት ላይ ይወጣል፣ የአንዱ ማሳ በሌላው ላይ ያርፋል። ደግሞ ዓለም ለካርታ ሥራ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ ዞኖች ተከፋፍላለች፤ አብዛኛው አገራችን ዞን 37 ውስጥ ቢወድቅም ጋምቤላ 36፣ ጅግጅጋ 38 ነው። ሐሮማያ ጭራሽ ድንበሩ ጥግ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ስህተትሽን አይነግርሽም። ቆንጆ ባለ ቀለም ካርታ ያወጣልሻል፣ የተሳሳተ።

ለዚህ ነው ጂአይኤስን ብቻ ይዞ የሚወጣ ተማሪ የሚያሳስበኝ። ቁልፍ መጫን በሦስት ወር ሥልጠና ይገኛል። የምትጫኚበትን ምክንያት የምታውቂ ከሆነ ግን በቀላሉ የምትተኪ አይደለሽም።

ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፦ ከአሁኑ አንድ ቦታ ያዢ። ትንሽ ቦታ። የመጣሽበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ኩሬ፣ አንድ ጅረት ከነተፋሰሱ፣ የዩኒቨርሲቲሽ ከተማ ዳር እየተስፋፋ ያለው ሰፈር። ከዚያ እያንዳንዱን ኮርስ ወደዚያ ቦታ ውሰጂው። ካርታ ንባብ ስትማሪ የቦታሽን ካርታ አንብቢ፣ ተፋሰሱን በእርሳስ ክለዪ። አፈር ስትማሪ እናትሽን «የትኛው መሬት ነው ገብስ የሚሰጠው?» ብለሽ ጠይቂ። የሕዝብ ጂኦግራፊ ስትማሪ በመንደሩ ውስጥ ማን እንደወጣና የት እንደሄደ ቁጠሪ፤ ዓረብ አገር ያሉ ልጆች የላኩት ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ሆኖ፣ ከዚያም ባሕር ዛፍ ሆኖ መሬት ላይ እንዴት እንደታየ ትደርሺበታለሽ። የአየር ንብረት ስትማሪ የቅርቡን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ዝናብ ፈልጊና አባቶች «ዝናቡ ከፋ» ከሚሉት ጋር አስተያዪው። አንዳንዴ ጠቅላላ ዝናቡ አልቀነሰም፤ የመግቢያው ቀን ነው የተረበሸው፣ ለገበሬው ደግሞ የሚያሳስበው እሱ ነው። ሦስቱን ዓመት እንዲህ ካደረግሽ የመመረቂያ ሪሰርችሽ ግማሹ ተጽፏል።

ምክንያቱም ሌሎቹ እንዴት እንደሚጽፉት ልንገርሽ። መጨረሻው ሴሚስተር ላይ ይደነግጣሉ፣ «የአርሶ አደሮች አመለካከት ስለ አፈር መሸርሸር፦ የእንትን ወረዳ ሁኔታ» የሚል ርዕስ ከአምና ተመራቂ ይወርሳሉ፣ የወረዳውን ስም ይቀይራሉ፣ መጠይቅ ያባዛሉ። መቶ ገበሬ «አዎ፣ አፈር ይታጠባል» ብሎ ይመልሳል። 97 በመቶ ገበሬዎች አፈር እንደሚታጠብ ያውቃሉ ብለው ይደመድማሉ። የሚታጠበው መሬታቸው እኮ ነው፣ እንዴት አያውቁም! አድቫይዘሩም ሃያ ተማሪ ስላለበት ያሳልፈዋል።

ገጠር ስትሄጂ ደግሞ ወረቀት ይዘሽ ዘው አትበይ። የዲፓርትመንቱን የድጋፍ ደብዳቤ ለወረዳው፣ የወረዳውን ለቀበሌው ይዘሽ፣ የልማት ሠራተኛውን አግኝተሽ ነው። እሱ ወረቀት ቢሆንም ያለ እሱ ሰው አያናግርሽም። «ስንት ጥማድ አለዎት?» ብለሽ አትጀምሪ፤ መሬትና ከብት የሚቆጥር ሰው ከግብር ወይም ከመሬት መቀማት ጋር ነው የሚታሰበው፣ እውነተኛውን ቁጥር ማንም አይነግርሽም። መጀመሪያ አብረሽ ማሳውን ዙሪ። «አባባ፣ ይህ ቦረቦር መቼ ጀመረ?» በይ። አንድ የ70 ዓመት አዛውንት የቦረቦሩን ታሪክ በጃንሆይ፣ በደርግ፣ በልጃቸው ሠርግ እያስታወሱ ሲነግሩሽ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ የጊዜ ቅደም ተከተል ታገኛለሽ፤ ከዚያ በአየር ፎቶና በሳተላይት ምስል ታመሳክሪዋለሽ። ሴቶችንም ለብቻቸው አናግሪ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፤ ምንጭ መቼ እንደነጠፈ ከባሎቻቸው ቀድመው ያውቃሉ።

ሥራስ? እውነቱን ልንገርሽ። «ጂኦግራፈር» ብሎ የሚቀጥር ማስታወቂያ አልፎ አልፎ ነው የምታዪው። ብዙውን ጊዜ ስምሽ ያለው «ወይም ተዛማጅ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደር፣ የከተማ ካዳስተር (የይዞታ ካርታና ምዝገባ)፣ የአደጋ ስጋት አመራር፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ አማካሪ ድርጅቶች የጂኦግራፊ ምሩቅ የሚገኝባቸው ናቸው። ትልልቅ ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማድረግ እንዳለባቸው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያዛል፤ ሰነዱን የሚጽፈው ሰው መኖር አለበት። የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ሲራዘም ሲራዘም ቆይቷል፤ ሲመጣ ደግሞ ከቆጣሪው በፊት የሚወጣው ካርታ የሚሠራው ሰው ነው። ማስተማርም አለ፣ ለእሱ ተጨማሪ የመምህርነት ሥልጠና ይጠይቅሻል።

ተፎካካሪ ግን ብዙ ነው። ሰርቬዪንግ የተማረው፣ ተፈጥሮ ሀብት የተማረው፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ የተማረው ሁሉ ያቺኑ ቦታ ያመለክታል። እነሱ በአንድ ነገር ጠለቅ ይላሉ፤ የአንቺ ብልጫ ማገናኘቱ ነው፣ እሱን ደግሞ በዲግሪ ወረቀት ማሳየት አይቻልም። ራስሽ የሠራሻቸው ሦስት አራት ካርታዎች፣ በደንብ የተጻፈ አጭር ሪፖርት፣ ማንም ሰው ሊሞላው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የከተማሽን መንገድ የሞላሽበት ሥራ ያሳየዋል። ቀጣሪ ፊት «ጂአይኤስ እችላለሁ» ከማለት «ይኸው» ማለት ይሻላል። እንግሊዝኛ አጻጻፍሽንም አሻሽዪ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው ሪፖርት መጻፍ ላይ ነው።

ኤግዚት ኤግዛም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ 50 ማምጣት ግዴታ ነው። ለእሱ የተለየ ጥበብ የለውም፤ ሀንድአውቶችሽን አትጣያቸው፣ በቃ።

አሁን መቀየሩ ላይ እንምጣ። ዲፓርትመንት መቀየር የምትፈልጊው ሌላ ነገር በእውነት ስለምትወጂ ከሆነ ሂጂ፣ ማመልከቻሽን ቶሎ አስገቢ፣ ሬጅስትራር ጋ ቀኑ ካለፈ ማንም አይሰማሽም። ሰው ስለሳቀብሽ ከሆነ ግን ቆይ። የሳቁት ልጆች አካውንቲንግ ገብተው ሥራ የሚፈልጉ ሺዎች እንዳሉ አልነገሩሽም። ደግሞ ይህ ትምህርት ለሁሉም አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ መሄድ፣ ሰው ማናገር፣ እርግጠኛ ያልሆነ መልስ ታግሦ መያዝ የማይወድ ሰው ይሰለቸዋል። አንድ ሴሚስተር ስጪው። በዚያ ሴሚስተር ውስጥ አንድም ቀን መንገድ ላይ ስትሄጂ «ይህ ቤት ለምን እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ተሠራ?» ብለሽ ራስሽን ካልጠየቅሽ ያን ጊዜ ቀይሪ።

ከቆየሽ ደግሞ የመጣሽበትን ወረዳ ጻፊልኝ። የትኛው ተፋሰስ ውስጥ እንደሚወድቅ፣ ዞኑ ስንት እንደሆነና መጀመሪያ የየትኞቹን ዓመታት ላንድሳት ምስል ብታወርጂ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።